ሦስት የመንዝ ሴቶች፣ አንድ ደሴትና የጓሳ ሣር

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ ደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን መናኸሪያ በኅዳር ንጋት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ተከናንቦ የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው። ረዳቶቹ «ሞላሌ! መሐል ሜዳ! የሞላ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ መኪናው ግን ገና ግማሹ ባዶ ነው። እኔ በሁለት ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ፣ እግሬን እያፈራረቅኩ መሬቱን እየረገጥኩ፣ በልቤ የማስበው ስለ ዛንዚባር ነው። አትሳቁ። የሥራ ባልደረቦቼ ስቀው ጨርሰውታል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ፀዳለ እባላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ፣ ጓሳ ጫፍ ነው። እዚያ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፤ ሙሉነሽና አስካለ። ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነበርን። አንድ ቀን መምህራችን ስለ ደሴቶች ሲያስተምሩ፣ አስካለ ካርታው ላይ ከአፍሪካ ጎን እንደ ገብስ ፍሬ ጠብ ያለችውን ዛንዚባርን በጣቷ ነክታ «አንድ ቀን ሦስታችን እዚህ እንሄዳለን» አለች። ማልን። ሦስታችን ካልሄድን ማንም አይሄድም ተባባልን። እንግዲህ የልጅ መሐላ ነው ብላችሁ ታልፉት ይሆናል፤ የመንዝ ልጅ ግን መሐላ አይጫወትም።

አስካለ ከሦስታችን ሁሉ ጎበዝ ነበረች። እኔ ዛሬ በማስተምረው ትምህርት እሷ ነበረች አንደኛ የምትወጣው። ስምንተኛን እንደጨረሰች ተዳረች፣ እኔ ቀጠልኩ። ይህን መሸፋፈን አልወድም። ባለፈው ዓመት በሙሉነሽ እህት ሠርግ ላይ ሦስታችን ስንገናኝ ነገሩን አነሣነው። ያን ዕለት ተሣሥቀንበት የሚቀር መስሎኝ ነበር። አልቀረም። ቀን ቆረጥን፤ የጥር መጨረሻ፣ የግማሽ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ፣ አንድ ሳምንት። ሙሉነሽ ፈቃድ ጠየቀች። እኔ የአውሮፕላኑን ዋጋ አጠናሁ፣ ሆቴል በቀጠሮ ያዝኩ። የቀረን የአስካለ እሺታ ብቻ ነው። በስልክ ስጠይቃት አዎም አላለች፣ አይም አላለች። «ነይና እንነጋገር» አለችኝ። እሷ እምቢ ካለች ጉዞው የለም። ለዚህ ነው የሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ በዚህ ብርድ መናኸሪያ የቆምኩት።

ትናንት መምህራን ክፍል ውስጥ አንዱ «መንዝና ዛንዚባር ደግሞ ምን አገናኛቸው?» ሲል ሁሉም አውካካ። መንዜ ከፈለገ የማይደርስበት የለም ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን እኔም ሳቄ መጣ።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ ከጣርማበር ወደ ሞላሌ

ጉዶ በረትን አልፈን ጣርማበር ላይ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። ከመኪና ማለፊያው ዋሻ በፊት ወደ ግራ ታጥፈን ወደ መንዝ ስንገባ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠና ገብሱ ብቅ አለ። አጨዳ ነው። ወርቃማ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የድንጋይ ቤት፣ ጥቁር በግ፣ ነጭ በግ፣ ደግሞ ገደል። ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል። ይህን አገር ያረሰ ሰው ምን ያቅተዋል? አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ከዳገቱ ሥር ያለውን ማሳ እያሳዩኝ የእኔ ነው አሉ። እንዴት ወርደው እንደሚያርሱት ስጠይቃቸው «በእግር ነዋ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጥያቄዬ የከተማ ጥያቄ ሆነባቸው።

እኔ የተቀመጥኩት ጋቢና ነው፤ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ከፍዬ። ሹፌሩ ፀጉሩ የሸበተ ጨዋታ ወዳድ ነው። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፣ የዛንዚባሩንም ሐሳብ ጨምሬ ነገርኩት። ለካ በወጣትነቱ ጅቡቲ ይመላለስ የነበረ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስለ ባሕር የነገረኝ ነገር ሁሉ የሚያስጠላ ነበር፤ ሙቀቱ፣ ጨዉ፣ የዓሣው ሽታ፣ ዝንቡ። ሞላሌ ልንደርስ ስንል ግን ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ በጎች አሳለፈ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር ተናገረ።

«መጀመሪያ ያየሁት ቀን መኪናዬን ዳር አቁሜ ወረድኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሄደው ይዩት መምህርት።»

ሞላሌ ቁርስ በላን። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ሽሮ ነው፤ መቶ ሃያ ብር፣ ከነሚጥሚጣው። ደብረ ብርሃን በዚህ ዋጋ ይህን የመሰለ ሽሮ አታገኙም። ወገንተኛ ናት በሉኝ፣ ግድ የለኝም።

ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ መሐል ሜዳ

ሙሉነሽ ከመኪና ስወርድ ጠብቃ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ፣ ደግማ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ነገር ቶሎ የሚያስለቅሳት ሴት ናት። ቤቷ ገና እንደገባሁ «ዝግጅቱን ላሳይሽ» ብላ አልጋ ላይ ዘረገፈችልኝ።

ወይ ጉድ! አንደኛ፣ የዋና ልብስ። መሐል ሜዳ የዋና ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ አሰፍታዋለች። ለሦስታችንም አንድ ዓይነት፤ ጥቁር ቴትሮን፣ እጅጌው እስከ ክርን፣ ቁመቱ ከጉልበት በታች። ሰፊው ለየትኛው መዘምራን እንደሆነ ጠይቋት ነበር። ሁለተኛ፣ በሶ፤ በሰው አገር ምግቡ ባይስማማን ብላ አምስት ኪሎ አስፈጭታለች። ሦስተኛው ባና ነው። ባና ማለት ከበግ ፀጉር የሚሠራው የመንዝ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ አንዱ ብቻውን የአንድ ሰው ሸክም ነው። ሁለት አስቀምጣለች።

ዛንዚባር የቆላ ቆላ መሆኑን፣ ሰው በቀጭን አንሶላ እንኳ እንደማይተኛ አስረዳኋት። አንገቷን ነቅንቃ ሰማችኝ፣ ሰማችኝ፣ በመጨረሻ «ቀኑስ ይሁን፣ ሌሊቱስ?» አለች። ሌሊት የማይበርድበት አገር አለ ብላችሁ ለመንዝ ሰው ብትምሉለትም አይገባውም። እኔም በአስተማሪ ኩራት ሣቅኩባት። በኋላ የሚመጣብኝን ባውቅ ኖሮ ባልሣቅኩ።

ስንዋኝ ማን ይይዘናል ብላ ደግሞ ጠየቀችኝ። ሦስታችንም ዋና አንችልም። የእኛ ወንዝ ከጉልበት አያልፍም፣ ካለፈ ደግሞ ሰው ይወስዳል እንጂ አያዋኝም። ዳር ዳሩን እንሆናለን ብለን ተስማማን። ከዚያ ዋናው ነገር ተነሣ። አስካለ ካልመጣችስ? ሙሉነሽ የገንዘብ ነገር እንዳይሆን ብላ ፈርታ ወጪዋን ለሁለት እንድንሸፍንላት ባለፈው ወር ጠይቃት ነበር። አስካለ «እኔ በእናንተ ኪስ ባሕር አላይም» አለቻት። ሙሉነሽ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጣ። ያችው አስካለ ናት።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ ጓሳ

ባዶ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ሁለታችንም ተጣብበን ሄድን። መንገዱ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ነው። ከዚያ ድንገት ዳገቱ ያልቅና ሰማይና ሣር ብቻ ይቀራል። ጓሳ ደረስን ማለት ነው።

እዚህ ቦታ ስደርስ ደረቴ ይነፋል፤ አልደብቅም። ሣሩ ጉች ጉች ብሎ ቆሞ፣ ጫፉ ገርጥቶ፣ ነፋሱ ሲመጣ ሜዳው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ጅብራው፣ እዚህም እዚያም ቆሟል። ከገደሉ አፋፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ሥር ይነቅላሉ። ቀይ ቀበሮ ለብቻዋ አይጥ ለመያዝ ታደባለች። ይህ ሁሉ እንዴት ተረፈ? ቅድመ አያቶቻችን ሕግ አውጥተው ስለጠበቁት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም በሬ አያስገባም፣ ማንም ማጭድ አያሳርፍም። ሲደርስ ማኅበረሰቡ ተሰብስቦ የሚከፈትበትን ቀን ይቆርጣል። ያን ቀን ከየቤቱ ሰው ማጭድ ይዞ ይወጣል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ገሳ ለምንለው የዝናብ ልብስ የሚሆነውን ያጭዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ማንም መጥቶ አላስተማረንም። ዛሬ ባለሙያዎች ከሩቅ እየመጡ ያጠኑታል። ያጥኑ!

ከአይሱዙ ወርደን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። አስካለ ከቤቷ ወጥታ ስትመጣ ከሩቅ አወቅኳት፤ ድሮም አረማመዷ የሚቸኩል ሰው አረማመድ አይደለም። ቀጭን ናት፣ ፊቷን ብርድና ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ዓይኗ ግን ያው የፈተና ቀን ዓይኗ ነው። ባሏ በላይ በግ አርዶ ጠበቀን። ጥብሱን፣ የገብስ ጠላውን፣ ጭኮውን ደረደሩት። በላይ ቀልደኛ ነው። ውሃ ለማየት ከሆነ ከቤቱ ጀርባ ምንጭ መኖሩን፣ እሱም ሳያስከፍል እንደሚያሳየን ነገረን። ሚስቱን ግን አይከለክልም። እንዲያውም ለመንገዷ የሚሆን ጫማ ከመሐል ሜዳ ገዝቶላታል።

ከበላን በኋላ አስካለ ከሣጥኗ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ፓስፖርት ነው። አዲስ፣ ገና ያልታጠፈ። ሁለት በግ ሸጣ፣ ብቻዋን ተመላልሳ፣ ለእኛ ትንፍሽ ሳትል አውጥታዋለች። ሙሉነሽ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች።

«ታዲያ ምን ቀረሽ?» አልኳት። «እሺ በይና ሰኞ ቲኬቱን ልቁረጠው።»

አስካለ ጣቶቿን አጣምራ ተቀመጠች፣ ከዚያ ነገሩን ረጋ ብላ ዘረዘረችልን። ድሮ ሣሩ ሲከፈት በሽሚያ ነበር፤ ጉልበት ያለው ብዙ ያጭዳል፣ መበለትና ሽማግሌ ቃርሚያ ይለቅማል። አሁን ለእያንዳንዱ ቤት የሚያጭደው ክልል በገመድ ይለካል። ገመዱን የሚይዝ ሰው በምርጫ ነው የሚሾመው። የዛሬ ሁለት ዓመት አስካለ ተመረጠች። ሴት ገመድ ስትይዝ የመጀመሪያዋ ናት። አንዳንዶቹ ሽማግሌዎች አጉረምርመዋል፤ ሴት የፊት ለፊት ጭቅጭቅ አትችልም፣ ልጅ ታመመ ባል ራበው ብላ ትቀራለች ብለዋል። የዘንድሮው መክፈቻ እሷ ገመድ የምትይዝበት የመጀመሪያው ነው። ቀኑ ደግሞ በማግሥቱ፣ እሑድ፣ በሰንበቴው ላይ ሊነገር ነው።

«ከጥር በፊት ከሆነ እመጣለሁ። ከየካቲት ወዲያ ከሆነም እመጣለሁ። እኛ በቆረጥነው ሳምንት ከዋለ ግን አልሄድም» አለች።

ፓስፖርቱን መልሼ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። በልቤ ግን ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቅነው ነገር በአንድ የሣር ቀን ሊቀር ነው ብዬ ተቃጠልኩ። እሷ ከቀረች ደግሞ እኔ ለመሄድ እግር የለኝም።

እሑድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ ሰንበቴው

ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ቤት ሞላ። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በአንድ በኩል፣ አስካለ ከኮሚቴው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ሰብሳቢው ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ሌላው ነው ዝቅ የሚያደርገው። ሣሩ ደርሷል አሉ። ከዚህ በላይ ቢቆይ ይጎብጣል፣ ቢቸኩሉበትም ይበላሻል። ስለዚህ መክፈቻው የጥር የመጨረሻው ሰኞ ነው ብለው ጨረሱ።

ክው አልኩ። የእኛው ሳምንት ነው፤ እንዲያውም የምንበርበት ቀን። ሙሉነሽ ክንዴን ጨበጠችኝ። አስካለን አየኋት፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም፣ ድርሻዋን እንደተቀበለ ሰው ራሷን ዝቅ አደረገች።

ከዚያ ያደረግኩትን አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይነዳል። ብድግ አልኩ። ጓሳ ጫፍ ያደግኩ ሴት፣ የሣሩን ሕግ በእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ የሰማሁ፣ ብድግ ብዬ ቀኑ በአንድ ሳምንት እንዲገፋ ጠየቅኩ። አስካለ ሃያ ሰባት ዓመት የጠበቀችው ጉዞ አለባት አልኩ። አንድ ሳምንት ምን ያደርጋል አልኩ። የትምህርት ቤት ስብሰባ ሳይመስለኝ አልቀረም፣ እጄን ሁሉ አወናጭፌአለሁ።

ጋሽ ደምሰው ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የእንግዳወርቅ ልጅ ነኝ ጋሼ።»

«አወቅኩሽ። አባትሽ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ሣሩ ተከፈተ። በቃሬዛ መጥቶ ድርሻውን አይቶ ተመለሰ። አንድ ቀን ግፉልኝ አላለም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ በቃሬዛ መውጣቱን አላውቅም ነበር፤ ያኔ ኮሌጅ ነበርኩ። አስካለ ተነሣች። ወደ እኔ አልዞረችም።

«ቀኑ አይነካም። ገመዱን የምይዘው እኔ ነኝ» አለችና ተቀመጠች።

እኔና ሙሉነሽ ቀስ ብለን ወጣን።

እሑድ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፤ ከሰንበቴው ወደ አስካለ ቤት

አስካለ ደርሳብን ሦስታችን አብረን ሄድን። ሙሉነሽ ትንሰቀሰቃለች። እኔ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት አስካለ በእጇ ምልክት አስቆመችኝ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ተናገረች። ሹመቱን ስትቀበል ያጉረመረሙት ሰዎች ሁሉ ዛሬ እዚያ ቤት እንደነበሩ፣ ገና አንድ ቀን ሳትሠራ ስለ እሷ ልመና መሰማቱ አጥንቷ ድረስ እንደተሰማት ነገረችኝ። ተቆጥታ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «አጥፍቻለሁ» አልኩ። «አዎ፣ አጥፍተሻል» አለችና ክንዴን ያዘች። በቃ፣ ይህ ነበር ዕርቃችን።

ትንሽ እንደሄድን ሁለታችሁ ሂዱ አለችን። መጥታችሁ ትነግሩኛላችሁ አለች። ሙሉነሽ አይደረግም ብላ መንገዱ መሐል ተቀመጠች። እኔም እምቢ አልኩ። አስካለ ቆመችና ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ በጥር ይሁን ያልሽው ለምንድን ነው? በክረምት ሁለት ወር ሙሉ ትዘጉ የለም?»

«ክረምትማ ዝናብ ነው። በሐምሌ በነሐሴ ደሴት ላይ ሄደን ጉም እንቁጠር?»

«የት ነው የሚዘንበው?»

«እንዴ፣ በሐምሌ የት የማይዘንብ አለ?»

አስካለ ትኩር ብላ አየችኝ። «ፀዳለ፣ ዛንዚባር ከምድር ወገብ በላይ ነው ወይስ በታች?»

«በታች» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከምድር ወገብ በታች ወቅቱ እንደሚለይ ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፣ ፈተና አውጥቼበታለሁ፣ የተሳሳተውን ተማሪ ውጤት ቀንሼአለሁ። የራሴን ጉዞ ሳቅድ ግን የመንዝን ሰማይ ዛንዚባር ላይ ዘርግቼው ቁጭ! ሐምሌ ሲመጣ ዓለም በሙሉ ገሳ የሚለብስ መስሎኝ። ከባና ተሸካሚዋ ከሙሉነሽ በምን ተሻልኩ? ስልኬን ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ነሐሴ እዚያ ደረቅ ነው፤ ከዓመቱም ቀዝቀዝ የሚለው ያኔ ነው። ከላይ ሆኜ ጮኼ ነገርኳቸው።

አስካለ ሣቀች። እስክትንበረከክ ሣቀች። ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ማታ ማታ ልጇ ስታጠና እሷም አብራ ታጠናለች፣ ለካ መጽሐፉን ከልጇ ቀድማ ትጨርሰዋለች። «በይ ተነሽ» አለች ሙሉነሽን፣ «ሰዎቹ ጠላውን ሳይጨርሱ እንመለስ።» እሷ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ወደ ሰንበቴው ተመለስን።

እሑድ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፤ ሰንበቴው እንደገና

አስካለ ደጃፉ ላይ ቆማ ራሷ ስለ ራሷ ተናገረች። የመክፈቻው ቀን በቦታዋ እንደምትገኝ፣ የመጨረሻውን ቤት ድርሻ ለክታ ሳትሰጥ እንደማትነቃነቅ ተናገረች። ከዚያ ሣሩ ተመልሶ ሲዘጋ፣ በክረምት፣ ከሣሩ ጥበቃ ተራዋ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠየቀች። ልመና የለበትም፤ ቀጥ ብላ ጠየቀች።

መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ከጋሽ ደምሰው ነው፤ ፍልሰታስ? አሉ። ጾም በባሕር ማዶ አይሆንም ተብሎ ተመከረ። ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ እስከ ዘመን መለወጫው ዋዜማ ባለው ጊዜ ይሁን ተባለ። ተራዋን ማን ይሸፍናል ሲባል ባሏ በላይ እንዲሸፍን ተወሰነ፤ በላይ ጥግ ላይ ዳቦ እያኘከ ስለነበር ሳይናገር ተስማማ ተብሎ ተያዘ። ሴት ገመድ ትያዝ በመባሉ አጉረምርመው የነበሩ አንድ አዛውንት «ፈቃድ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም፣ ሁሉም ዝም ብሎ ነው የሚቀረው» አሉ። ይህ ምስጋና ይሁን ተግሣጽ አልለየሁትም። ግን ጭንቅላቶች ተነቃነቁ።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ከፍቶ መጻፍ ጀመረና አጠገቡ ላለው ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበ፤ «ለግል ጉዳይ ፈቃድ» የሚል ነው። አስካለ ሰማችው።

«የግል ጉዳይ አትበል። ባሕር ለማየት ብለህ ጻፍ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ጋሽ ደምሰውን አየ። ቤቱ ሁሉ ጋሽ ደምሰውን አየ። እሳቸው ግን አስካለን ነበር የሚያዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩአት።

«ጻፍ» አሉ። «ስትመለስ ያየችውን እዚሁ ቁጭ ብላ ትነግረናለች። እሱንም ጻፍ።»

ተጻፈ። ኮሚቴው ፈረመ፣ መጻፍ የማይችለው ጣቱን አሳረፈ፣ አስካለ ስሟን ከነአባቷ ጽፋ ፈረመች። በመንዝ ምድር ባሕር ለማየት ፈቃድ ተሰጠ የሚል ቃለ ጉባኤ ከዚህ በፊት ተጽፎ ከሆነ አላውቅም፤ ያለ አይመስለኝም። ከሙሉነሽ ጋር ተቃቅፈን አለቀስን፤ በዚህ እንኳ አላፍርም።

ልንወጣ ስንል ጋሽ ደምሰው እኔን ጠሩኝ። የአባቴ ድርሻ ዓመታት ሙሉ ሰው አጥቶ እንደሚቀር ነገሩኝ። «በመክፈቻው ቀን ማጭድ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። እሺ ጋሼ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን

መመለሻው ላይ ከሞላሌ ወዲህ ተኝቼ መጣሁ። መናኸሪያው ላይ ስወርድ ብርዱ ያው ብርድ ነው። ቤቴ ገብቼ የጥሩን የሆቴል ቀጠሮ ሰረዝኩ፣ የነሐሴውን ያዝኩ። ለዚያች ለጥር ሳምንት ማጭድ መግዛት አለብኝ፤ ሳጭድ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ ወገቤ እንዴት እንደሚሆን እንጃ።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ መምህራን ክፍል ስገባ ያ የሣቀብኝ ባልደረባዬ የዛንዚባሩ ነገር ከምን ደረሰ አለኝ። በነሐሴ ነው አልኩት። በዝናብ? ብሎ ሊሣቅ ሲል ተውኩት፤ እሱ የሒሳብ መምህር ነው፣ አይፈረድበትም።

ከዚያ ክፍል ገባሁ። የዕለቱን ትምህርት ትቼ ስለ ወቅቶች ጀመርኩ። ምድር ወገብን አሰመርኩ፣ ከበላይ እኛን፣ ከበታች ዛንዚባርን አስቀመጥኩ። ይህን ሳስተምር መኖሬን፣ ግን በቅጡ የገባኝ ባለፈው እሑድ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ ስትጠይቀኝ መሆኑን ለልጆቹ ነገርኳቸው። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ ሴትዮዋ የት ዩኒቨርሲቲ እንደምታስተምር ጠየቀችኝ። ገበሬ ናት፣ ጓሳ ነው ያለችው፣ የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው አልኩ። ከዚያ ጠመኔ አንሥቼ ከሥዕሉ ሥር ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ፤ አስካለ ተሰማ። ተማሪዎቼም እንደ ልማዳቸው ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ደብተራቸው ገለበጡ።